ንጉሡን፣ ቄሱንና ሌባውን ሳለብስ

የመጀመሪያ ቀን ቲያትር ቤቱ የልብስ ክፍል ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ ኃላፊዋ ዲኒስ፣ ለሥራው የጠቆሙኝ ሰፊዋ እትዬ አስካለ፣ ከእንግሊዝ የመጡት ተዋናይ ኤድዊን፣ እና እኔ።

ከዚያ በፊት እዚሁ ስደት ላይ፣ ኢስተን በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ሱሪ አሳጥር ነበር። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ስለሆነ ቲያትር ቤት ይቀጥረኛል ብዬ አላሰብኩም። ዲኒስ ስፌቴን በጣቷ ዳሰሰችና፣ «እጅሽ ጥሩ ነው። ፍጥነትስ?» አለችኝ።

እትዬ አስካለ ቀድመውኝ፣ «ጠዋት ልጆቿን ለትምህርት ቤት ስታለብስ ብታዪያት!» አሏት።

ሥራው እንዲህ ነው። ጋሼ ኤድዊን በአንድ ትርኢት ንጉሥ፣ ቄስና ሌባ ሆነው ይጫወታሉ። ጋሼ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ወደዱት። ከመድረኩ ጀርባ ጨለማ ውስጥ ቆሜ ካባውን እገፍፋለሁ፣ የቄሱን ቀሚስ አጠልቃለሁ፣ ጫማ እቀይራለሁ። ቁልፎቹ ለታይታ ናቸው፤ ከሥራቸው የተሰፋው ተጫን ሲሉት የሚጣበቅ ቬልክሮ ነው። ልብሱ ወንበር ላይ የሚደረደረው በተራ ነው፤ መጨረሻ የሚለበሰው ከታች ይሆናል። ተራው ከተዛባ ሰውየው በውስጥ ልብስ ነው የሚወጡት።

ልጄ ስልኳ ላይ ፊታቸውን ስታይ፣ «ማም፣ ይሄ እኮ ባድ ጋዩ ነው!» ብላ ጮኸች። በፊልም ነፍሰ ገዳይም፣ ዳኛም፣ የመርከብ ካፒቴንም ሆነዋል። ተመልካች በየጊዜው ሌላ ሰው ያያል። እኔ የማየው አንድ ወገብ ነው።

ያ ወገብ እየቀነሰ መጣ። የሌባውን ሱሪ አጠበብኩ። ብዙም ሳይቆይ ደግሜ አጠበብኩ። ካባው ወፍራም ስለሆነ ከውጭ አይታወቅም። ትከሻቸውን ስነካ ግን አጥንት ነው። ቤቴ ልጆቼን ሳበላ እንኳ ያ አጥንት እጄ ላይ ይመጣብኝ ጀመር። ከዙፋኑ ደረጃ ላይ ቢወድቁስ?

«ጋሼ፣ ምግብ ይበላሉ?»

«ንጉሥ ነኝ፤ የሚያበላኝ ሞልቶ።»

«እኔ የጠየቅኩት ንጉሡን አይደለም።»

ሐኪም ዘንድ ሄደው እንደሆነ ስጠይቃቸው ጣሪያውን አዩ። ከዚያ፣ «ለዲኒስ እንዳትነግሪያት። ተተኪውን ተዋናይ ያስገባሉ። ትርኢቱ እስኪያልቅ ብቻ» አሉኝ።

እትዬ አስካለን አማከርኳቸው። «ዝም ብለሽ ስፊ፤ እንጀራሽ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ጋሼ ኤድዊን ሱሪውን ይዘው መጡ። መርፌ ቁልፍ እንኳ አላነሳሁም።

«ከእንግዲህ አላጠብበውም፣ ጋሼ።»

«መድረክ ላይ ቢወልቅብኝስ?»

«ዲኒስ ታየዋለች። ወይ እርስዎ ቀድመው ይንገሯት።»

«ጨካኝ ነሽ።»

«ልጆቼም እንደዚያ ይሉኛል።»

ሱሪውን ጨምድደው ወደ ዲኒስ ቢሮ ገቡ። በሩ እስኪከፈት ክር የሌለው መርፌ ጨርቅ ላይ ስወጋ ቆየሁ። የዚያን ቀን ካባውን ያለበስኩት ለተተኪው ነው።

ጋሼ ኤድዊን ሐኪም ቤት ገቡ። በኋላ እህታቸው መጥተው ወደ እንግሊዝ ወሰዷቸው። ሲሰናበቱኝ አልቀለዱም፣ አላመሰገኑኝምም። እጄን ብቻ ያዝ አድርገው ቆዩ።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። የምታለብሱት ሰው ከከሳ፣ ሱሪውን ከማጥበባችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁ።

ዲኒስ ከዚያ ወዲህ የሰማችው ነገር የለም። ቲያትር ቤት የምትሠሩ፣ ወይም እንግሊዝ ዘመድ ያላችሁ፣ ጋሼ ኤድዊን እንዴት እንደሆኑ የሰማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።