ዘንግ አልባው የወይዘሮ አሪየት ግራፍ

ወይዘሮ አሪየት ሞተዋል። ከባሮ ዳርቻ እስከ ፑኝዶ፣ በጋምቤላው ሆስፒታላችን የመረጃ ክፍል ሲሠሩ የምታውቋቸው ሁሉ ወሬው ደርሷችኋል። «አረፉ» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። በፌሮ ብረት ጭንቅላቱን የተመታ ሰው አያርፍም፤ ይገደላል። ፓስተሩም በቀብሩ ላይ ጌታ ወሰዳቸው አሉ። ጌታን አልወቅስም። የወሰዷቸውን ልጆች ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹ ቀብሩ ላይ ቆመው ሲያለቅሱም አይቻለሁ።

እኔ የዚያው ሆስፒታል ቃሬዛ ተሸካሚ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ያስቆጠሩኝም እርሳቸው ናቸው። ጽሑፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡ።

ሥራቸው ቁጥር ነበር። አር የሚባል ለስታትስቲክስ የተሠራ የኮምፒውተር ቋንቋ አለ፤ ትእዛዝ ሲጽፉለት ግራፍ ይስላል። ወባው፣ ወሊዱ፣ በጥይት የቆሰለው፣ ሁሉም በእርሳቸው እጅ ዓምድ ሆኖ ይቆም ነበር። ግራፍ ከታችና ከጎን ዘንግ አለው፤ ዘንጉ ላይ ስምና ቁጥር ይጻፋል፤ ዙሪያውን ደግሞ ነጭ ጠርዝ ይቀራል። ያንን ነጭ በመቀስ ቆርጠው ሲጥሉ አይቼ ለምን ይጣላል አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ቁርጥራጩን ለኔ ያስቀምጡልኝ ጀመር። ሀ ሁን የጻፍኩት በወባ ግራፍ ጠርዝ ላይ ነው።

ቁጣቸውን የቀመሰ ያውቀዋል። አንድ ቀን ጀዊ የስደተኞች መጠለያ የሚሠራ ጎልማሳ፣ ዘንግ የሌለው የሚያምር ግራፍ ይዞ መጣ። ለስብሰባ ነው፣ ቁጥሩ ዓይን ይረብሻል አላቸው። ወረቀቱን ገልብጠው መለሱለት። «ዘንግ የሌለው ግራፍ ሐሜት ነው» አሉት። «ማንን እንደምታማ ጻፍና ተመለስ።»

ደግነታቸውም ከቁጣቸው የራቀ አልነበረም። በከተማው ከሚጣሉት ሁለት ወገኖች አባታቸው ከአንደኛው፣ እናታቸው ከሌላኛው ነበሩ። የሁለቱ ወገን ቁስለኞች ጎን ለጎን በተኙበት ቀን፣ ጠባቂ ዘመዶቻቸው የግሉኮስ መስቀያውን ብረት ነቅለው ሊፋለጡበት ነበር። እርሳቸው ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡና በሁለቱ አልጋ መሃል ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሥራቸው እንዳይጠፋባቸው ኮምፒውተሩን እንዳይነኩባቸው ብቻ ለመኗቸው። ሰዎቹ ግራ ገባቸው። ሲመሽ አንደኛው ለሌላኛው ውሃ ሲያቀብል አየሁ።

ከዚያ ከተማው ተነሣ። የማንና የማን ጠብ እንደሆነ አልጽፍም፤ ጋምቤላ ያለ ያውቀዋል፣ ሌላ ቦታ ያለ ባያውቀው አይጎዳም። ድንጋይ፣ ገጀራ፣ ጥይት። ቃሬዛው ሳይታጠብ ሌላ ሰው ይተኛበት ጀመር፤ የአንዱን ደም በጠላቱ ጀርባ ላይ አትሜ አስገብቻለሁ። በየሰፈሩ ደግሞ ሆስፒታሉ የኛን ሬሳ እየደበቀ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ሽማግሌዎች መጥተው እውነቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉልን አሉ። የሆስፒታሉ አለቃ ወይዘሮ አሪየትን አዘዙ።

የየሰፈሩን ሙት በዓምድ ሳሉት። በመጀመሪያ ከነሰፈሩ ስም ነበር። ስክሪኑን ብዙ ሲያዩት ቆዩና ዘሃራን ጠሩ፤ ዘሃራ አብራቸው የምትሠራ፣ የገበያው ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት።

«ጠርዙን ከአራቱም ወገን ዜሮ በዪው፤ ከታች፣ ከግራ፣ ከላይ፣ ከቀኝ። አሁን ዘንጉን አጥፊ።»

የዘሃራ እጅ ቆመ። ሐሜት ነው ይሉን አልነበረም ወይ፣ አለቻቸው።

«ሐሜት ነው። ስም ከጻፍኩበት ግን ረጅሙ ዓምድ በአጭሩ ላይ ይዘምታል።»

ፕሪንተራችን ትንሽ ስለሆነ ግራፉ በብዙ ወረቀት ተከፋፍሎ ታተመ። ጠርዙ ዜሮ ከሆነም በኋላ ፕሮግራሙ ከዳርና ከዳር ቀጭን ባዶ ቦታ ይተዋል፤ እሱንም ከለከሉት። ፕሪንተሩ የተወውን ነጭ በመቀስ ቆረጡ። በረንዳው ግድግዳ ላይ ስንገጣጥመው ስንጥቅ አልነበረበትም። ግድግዳ ሙሉ ቀይ ዓምድ፤ አንድ ፊደል የለበትም።

እርሳቸው ስም ከሌለ ማንም «የኔ ነው» አይልም ብለው ነበር። እዚህ ላይ ተሳስተዋል፤ አልዋሽላቸውም። ከየሰፈሩ የመጣው ሁሉ ረጅሙ ዓምድ ሥር እየቆመ አለቀሰ። ሁሉም ረጅሙን የራሱ አደረገው። እኔም አድርጌዋለሁ።

በማግስቱ ጎረምሶቹ መጡ፤ ፌሮ የያዘ አለ፣ ገጀራ የያዘ አለ። ጥበቃው ሸሸ። ወይዘሮ አሪየት ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቆሙ። መሪያቸው ቀይ ከነቴራ የለበሰ ልጅ ነበር።

«ረጅሙ የኛ ነው አይደል? ስሙን ለምን ሰረዝሽው? አባትሽን ልትሸፍኚ ነው ወይስ እናትሽን?»

«ሁለቱንም ቀብሬያቸዋለሁ» አሉት።

ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ስሙን ተናገሪ አላቸው።

«ብነግርህ፣ ልጄ፣ ዛሬ ማን ቤት ልትሄድ ነው?»

ልጁ ፌሮውን አንሥቶ ጭንቅላታቸውን መታቸው። ደማቸው ወረቀቱ ላይ ተረጨ። ከግድግዳው እስከ ድንገተኛ ክፍል መንገዱ አጭር ነው፤ እዚያች መንገድ ላይ፣ በቃሬዛዬ ላይ ሞቱ።

ከዚያ ብልጡ በዛ። ስሙን ቢጽፉት ኖሮ አይሞቱም ነበር ተባለ። አለቃው ዘንጉ ይመለስ አሉ። ዘሃራ እምቢ አለች፤ ሌላ ሰው መለሰው። በለቅሶው ሳምንት፣ መታሰቢያ ይሁናቸው ብለው ከነስሙና ከነቁጥሩ ለጠፉት። አነበብኩት። ረጅሙ የኔ ሰፈር አልነበረም። የኔ ሰፈር አጭሩ ነው።

ሌሎችም አነበቡት። ፀሐይ ሳትጠልቅ የረጅሙ ሰፈር ልጆች፣ ትንሽ የሞተበት ገዳይ ነው እያሉ ወደኛ ሰፈር መጡ። የጎረቤቴ ጎጆ ከነሰውየው ነደደ። ሬሳውን አድርሼ ስመለስ ያንን ወረቀት በጥፍሬ ቀደድኩት፤ አለቃው ቆመው ያዩኝ ነበር።

ወይዘሮ አሪየት፣ ስሙ ሳይጻፍ እርስዎ ሞቱ፤ ሲጻፍ ጎረቤቴ ሞተ። የቱ ይሻል ነበር የሚለኝ ሞልቷል። እኔ የማውቀው እርስዎ ዘንጉን ያጠፉት የሚመጣውን አይተው መሆኑን ነው፤ በእርስዎ ላይ የሚመጣውን ያየልዎ ሰው ግን አልነበረም። እዚህ አሁንም እየተቆራረጥን ነው። ይረፉ ብዬ ልዋሽዎት አልችልም፤ ደህና ይሁኑ፣ እናቴ። ትናንት ከፑኝዶ መንገድ አንድ ቁስለኛ አመጡ፤ ሆዱን በእጁ ይዞታል። ደጃፉ ላይ የተሰበሰቡት ከየት ሰፈር ነው አሉኝ። ከባድ ነው፣ መንገድ ልቀቁ አልኳቸው።