አቶ ወዬሳ ያልለዩት ሳክስፎን

አዳማ ፍራንኮ ሰፈር፣ ከተከራየሁበት ቤት ጥቂት በር አልፎ ያለው ግቢ የአቶ ወዬሳ ነው። ሰፈሩን ገና ሳልለምደው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዚያ ግቢ ሳክስፎን እየሰማሁ በጓሮ በኩል ሆቴል ያለ መስሎኝ ነበር። ጎረቤቶቼን ስጠይቅ ሳቁብኝ። አንድ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳሎናቸው ተቀምጠው ጃዝ እንደሚያዳምጡ ነገሩኝ። እኔም ጃዝ ስለምወድ አንድ ቀን በሩን አንኳኳሁ። አቶ ወዬሳ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ማንን እንደምወድ ጠየቁኝ። መለስኩላቸው። መልሴ ብዙም ደስ ያሰኛቸው አይመስለኝም፤ ግን ወንበር ሳቡልኝ። ከዚያ ወዲህ እሑዴን ከእሳቸው ጋር ማሳለፍ ጀመርኩ።

ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ሠራተኞቹ ክበብ ከአዲስ አበባ ባንዶች ይመጡ ነበር። ማይክሮፎኑንና ድምፅ ማጉያውን የሚያገናኝ ሰው ሲፈለግ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ሙዚቀኞቹን ያወቋቸው በዚህ ነው፤ ከመድረኩ ሥር ተንበርክከው ሽቦ ሲያያይዙ። ከሁሉም አብልጠው የሚያነሱት ነጋሳ የሚባል ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። ነጋሳ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ነው የሚጫወተው። እግሬ ካልቀዘቀዘ ጣቴ አይታዘዘኝም ይል ነበር አሉ። በወንጂ ሙቀት ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ፍለጋ መድረኩን ትቶ ወደ በሩ ይሄዳል፤ አቶ ወዬሳ ደግሞ የማይክሮፎኑን ሽቦ እየጎተቱ ይከተሉታል። ይህን ሲያወሩ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ሽቦ እንደያዘ ሰው ጎንበስ ብለው በሳሎኑ ውስጥ ይራመዱ ነበር።

ከቀረጻዎቻቸው ሁሉ የሚበልጥባቸውም የነጋሳው ነው። በክበቡ ትልቅ ቴፕ ሪከርደር ራሳቸው ቀረጹት፤ በኋላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ደግሞ ወደ ፍላሽ ተገለበጠ። ነጋሳ አንድ ዝግ ያለ ዜማ ይዞ ከፍ እያለ ሳለ መብራት ይጠፋል። ቴፑም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለነበር ቀረጻው እዚያው ላይ ተቆርጦ ቀረ። ነጋሳ ግን አላቆመም፤ ያለ ማይክሮፎን፣ በጨለማው ውስጥ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ሮጠው መብራቱን ማስተካከል የነበረባቸው አቶ ወዬሳ ነበሩ። አልሮጡም፤ ቆመው ሰሙት። ቀረጻው በተቆረጠ ቁጥር የቀረውን በአፋቸው እያንጎራጎሩ ይጨርሱልኝ ነበር።

ሌሎችም ነበሯቸው። አገር ለቆ የሄደ ጣሊያናዊ መካኒክ የሰጣቸው፣ የአሜሪካዊው ሳክስፎን ተጫዋች የሌስተር ያንግ ሸክላ አለ። ባቱ ድሮ ዝዋይ ስትባል፣ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አምባዬ የሚባል ፒያኒስት የተጫወተበት ካሴትም አለ። የሆቴሉ ፒያኖ ሁለት ቁልፎቹ ድምፅ አልነበራቸውም፤ አምባዬ ግን፣ ሾፌር የሚያውቀውን ጉድጓድ እየዞረ እንደሚያልፍ ሁለቱን ሳይነካ ነበር ምሽቱን የጨረሰው። አቶ ወዬሳ ማንኛውንም ሳክስፎን ተጫዋች ከሁለትና ከሦስት ድምፅ በላይ ሳይሰሙ ስሙን ይጠሩ ነበር። ልፈትናቸው ብዬ ከስልኬ ስከፍትባቸው አንድም ቀን ተሳስተው አላየሁም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቄ ግን ሙዚቃው ሲከፈት ሳሎን አይቀመጡም። ጌታን ከተቀበሉ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ያገለገሉ ሴት ናቸው። ባላቸውን በዚህ ተቆጥተው አያውቁም። ሳክስፎኑ ሲጀምር ዝም ብለው ተነስተው ወደ ጓሮ ይወጣሉ፤ መዝሙር እያንጎራጎሩ ልብስ ያሰጣሉ፣ ጎመናቸውን ያጠጣሉ። በትዳራቸው ውስጥ እሑድ ጧት የእሳቸው፣ ከሰዓት በኋላው የባላቸው ነበር።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ኦሊቃ ይባላል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስም ያሠቃየው ነበር። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሲያነሳ ደረቱ ይዘጋል፤ እናቱ ጀርባውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ አብረውት እየተነፈሱ ይቀመጡ ነበር። ልጁ ደግሞ ነፍሱ ከአባቱ ሙዚቃ ጋር ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሠራ የአባቱ ወዳጅ ከጅቡቲ ያገለገለ ሳክስፎን አስመጣለት። የዚያን ቀን ወይዘሮ ወርቄ ባላቸውን ለብቻቸው ጠርተው፣ "ለራሱ ያልበቃውን ትንፋሽ ለዚህ ብረት ይስጥ ትላለህ?" አሏቸው። ሐኪሙ ግን ችግር የለውም፣ እንዲያውም ደረቱን ሊያጠነክርለት ይችላል አለ። እናትም ከዚያ በኋላ አልተናገሩም፤ ልጁ ሲለማመድም እንደ ልማዳቸው ወደ ጓሮ ይወጣሉ።

ኦሊቃ የነጋሳን ቀረጻ አንድ በአንድ አጠናው። አባቱ አጠገቡ ተቀምጠው ያርሙታል፤ እዚህ ጋ ነጋሳ ዘግየት ይላል፣ እዚህ ጋ ጫን ይላል እያሉ። አድጎ አዲስ አበባ ሄደ፤ ሆቴል ውስጥ መጫወት ጀመረ፤ ከማናሴ ከሚባል የቤዝ ጊታር ተጫዋች ጋር ሆኖም ባንድ አቋቋመ። አባቱ ሰፈሩን ሁሉ እያስቆሙ ያወሩ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ሊጠይቃቸው መጣ። እሑድ ስለነበር እኔም ነበርኩ። አዲስ የሠራውን በስልኩ አሰማን። አቶ ወዬሳ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና ፊታቸው በራ። ቁርጥ ነጋሳ መሆኑን ነገሩት። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሊወጣ እንደማይችል አውቅ ነበር።

ኦሊቃ ዜማውን አቆመው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "የእኔ የሆነ ነገር የለበትም፣ አባዬ?" አለ።

"ምን ጎደለህ? ከነጋሳ የሚሻል ከየት ይመጣል?" አሉት።

ፈገግ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ምሳ በላን፣ ተጫወትን። ማታ እናቱ በሶና ማር ቋጥረውለት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጧት ማናሴ ደወለ። ኦሊቃ በተከራያት ክፍል ውስጥ ደረቱ ተዘግቶበት፣ ጎረቤት ደርሶ ሆስፒታል ሳያስገባው ሕይወቱ አልፏል። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። አዳማ አምጥተን ቀበርነው። መዘምራኑ እየዘመሩ ሳለ፣ ወይዘሮ ወርቄ አብረው መዘመር ጀመሩና መሀል ላይ ድምፃቸው እምቢ አለ። አቶ ወዬሳ አላለቀሱም። የቀብር አስፈጻሚው ጥያቄ ሲጠይቃቸው ወደ እኔ ይጠቁሙት ነበር።

ከዚያ በኋላ ከግቢው ሙዚቃ ጠፋ። እሑድ እሑድ ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ቴሌቪዥን ይከፍቱልኛል፤ ሁለታችንም አናየውም። አንድ ጊዜ ስለ አምባዬ ላነሳላቸው ሞከርኩ። ማን እንደሆነ የረሱ ይመስል አንገታቸውን ነቀነቁና ሻይ ይምጣ ወይ አሉኝ።

ጥር ላይ ማናሴ መጣ። ባንዱ ሐምሌ ውስጥ የቀረጸው ሥራ እንዳለ፣ ሊያወጡትም እንደሚፈልጉ፣ ያለ ወላጆቹ ፈቃድ ግን እንደማያደርጉት ተናገረ። የትኛው ዜማ ይቅደም የሚለውን ደግሞ ጋሼ ወዬሳ እንዲመርጡ ለመነ። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። አቶ ወዬሳ አንስተው ቴሌቪዥኑ ጀርባ አኖሩት። ሳምንታት አለፉ። ማናሴ ሲደውል ገና አልሰማሁትም ይሉታል።

ቀጥሎ ያለውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ወርቄ ፍላሹን ይዘው መጥተው ባላቸው ፊት ቆሙ። እስከ ዛሬ ከዚህ ሳሎን ስወጣ ኖሬያለሁ፣ ልጄንም አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አልሰማሁትም፤ አሁን ክፈትልኝ አሏቸው። አቶ ወዬሳ ከፈቱት። ወይዘሮ ወርቄ የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ዜማ ሳክስፎኑ ገና እንደገባ አቶ ወዬሳ በነሐሴ ያልወጣው እንባቸው መጣ። ልጃቸው ይኸው ነው፤ አዘገያየቱ፣ አጫጫኑ፣ ሁሉም ያስተማሩት። ለሚስታቸው ማስረዳት ጀመሩ፤ ይኸው ስሚው፣ አሁን ከፍ ሊል ነው አሏቸው።

ወይዘሮ ወርቄ እስኪያልቅ ጠበቁና፣ "ይኼ ኦሊቃ አይደለም" አሉ።

አቶ ወዬሳ አልተከራከሩም። ለሙዚቃው እንግዳ ስለሆኑ ነው ብለው አሰቡ፤ አሳዘኗቸውም። ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ። ሦስተኛው ዜማ በቤዝ ጊታር ብቻ ጀመረ። ብዙ ቆይቶ ሳክስፎን ገባ፤ ጥቂት ድምፅ ብቻ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና ጥቂት ድምፅ። አቶ ወዬሳ ይህን ተጫዋች አላወቁትም። ነጋሳ የለበትም፤ ሌስተር ያንግም የለበትም። ለአንድ ዜማ የተጋበዘ ሰው ይሆናል ብለው ሊያሳልፉት እጃቸውን ሲዘረጉ ሚስታቸው ክንዳቸውን ያዟቸው። በሌላው እጃቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ነበር።

"ይኼ ነው" አሉ።

"በምን አወቅሽ?"

"ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከመንፋቱ በፊት ሁለት ጊዜ ይስባል፤ አንዱ አይበቃውም። ሕፃን ሆኖ ደረቴ ላይ እንደዚህ ነበር የሚተነፍሰው።"

አቶ ወዬሳ ማናሴ ጋ ደወሉ። ማናሴ ጥያቄው ገርሞት መለሰ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የተጫወተው ፈይሳ የሚባል ጓደኛቸው ነው፤ የነጋሳን አጨዋወት የተማረው ኦሊቃ ገልብጦ ከሰጠው ካሴት ነው። ሦስተኛው የኦሊቃ ነው። ከአዳማ ሲመለስ ጀምሮ የድሮ አጨዋወቱን ሁሉ ትቶ እሱን ብቻ ሲሠራ ነበር። ማናሴ ይህን አቶ ወዬሳ የሚያውቁት መስሎት ነበር። አንድ ነገርም ጨመረ፤ በቀረጻው ላይ ትንፋሹ ጎልቶ ስለሚሰማ ስቱዲዮ ውስጥ ሊያጸዱት አስበዋል። ወይዘሮ ወርቄ ይህን ሲሰሙ ስልኩን ከባላቸው ጆሮ ወስደው፣ "ልጄ፣ እሱን እንዳትነኩት" አሉት።

አልነኩትም። ሥራው ከፋሲካ በኋላ ወጣ፤ ሦስተኛው ዜማ ቀደመ። አዲስ አበባ ለምረቃው ሲጠሩ ወይዘሮ ወርቄ ከቤተ ክርስቲያን እህቶቻቸው ጋር ሄዱ፤ አዳራሹ ውስጥ የፊት ወንበር ላይ እንዳስቀመጧቸው ሰማሁ። አቶ ወዬሳ አሞኛል ብለው ቀሩ። እኔም አብሬያቸው ቀረሁ። ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ "ማንንም ስሰማ እለየዋለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ኮራሁ" አሉኝ። "ልጄን ግን ሳሎኔ ውስጥ እንግዳ ነው ብዬ ላልፈው ነበር።" እሱም ቢሆን ያን እሑድ ደስ ብሎት ነበር የሄደው ልላቸው አሰብኩ፤ ግን በሰኔ ስልኩን ኪሱ ሲከት እኔም አይቼዋለሁ።

የድሮ ቀረጻዎቻቸውን ከዚያ ወዲህ አይከፍቱም። የነጋሳውን ፈይሳ መጥቶ ሲጠይቃቸው ሰጥተውታል፤ ገልብጠህ መልስ አላሉትም። የሚከፈተው የኦሊቃ ዜማ ብቻ ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወይዘሮ ወርቄ ባሉበት። እኔ አሁን እነሱ ሲያዳምጡ አልገባም፤ በአጥሩ በኩል ሳልፍ እሰማዋለሁ።

የቅርቡን ደግሞ ባለፈው ሳምንት ነገሩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጆሮ ከሚያደነቁረው የፋብሪካው መብራት ማመንጫ ተርባይን አጠገብ ስለሠሩ ጆሯቸው ደክሟል። ሳክስፎኑን በደንብ ይሰሙታል፤ ትንፋሹን ግን አይሰሙትም። ድምፁን ጨምረው፣ ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግተው፣ በጆሮ ማዳመጫም ሞክረዋል። የለም። ለሚስታቸው መጀመሪያ ሰማሁት ብለው ዋሹ፤ በኋላ ግን መደበቅ አልቻሉም፣ ነገሯቸው። ወይዘሮ ወርቄ አልገረማቸውም፤ ወንበራቸውን አስጠጉና የባላቸውን እጅ ያዙ።

አሁን ዜማው ሲጀመር እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቀመጣሉ። ኦሊቃ ሊተነፍስ ሲል ወይዘሮ ወርቄ እጃቸውን ይጫኑላቸዋል፤ ሁለት ጊዜ። አቶ ወዬሳም በዚያ ያውቃሉ።