የትከሻዬ ክስ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው በአፉ ይከሰሳል፣ በእጁ ይከሰሳል። እኔ የተከሰስኩት በትከሻዬ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰልፎ ስፖርት ይሠራ ነበር። እጅ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ደግሞ ወደ ላይ። እጄን ባነሳሁ ቁጥር ትከሻዬ ቀድሞ ጆሮዬ ሥር ይወሸቃል። የሚያሠራን ካድሬ ይህን ሦስት ቀን በዝምታ አየና በአራተኛው ሰልፉን አስቆመ።

«ጓዲት፣ 'ምን ቸገረኝ' እያልሽን ነው?»

በእኛ አገር ትከሻ ሲሰበቅ ትርጉሙ ይኸው ነው። «ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ጓድ» ብል ማን ሊሰማኝ! በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ወጥቼ ግለ ሂስ እንዳደርግ፣ እዚያው በሰው ፊት እጄን አንስቼ እንዳሳይ አዘዘኝ። ትከሻዬ ያኔም ከወጣ ከሥራ እባረራለሁ። እናቴ የምትኖረው በእኔ ደመወዝ ነበር። ሌላ የሚጦራት አልነበረም፤ ታላቅ ወንድሜን ወስደውታል።

ትከሻዬም የተሰቀለው ያን ቀን ነው። በጠራራ ፀሐይ መጥተው የቤታችንን በር በሰደፍ ሲደበድቡት ትከሻዬ ብድግ አለ፣ ከዚያ ወዲያ አልወረደም። ራሳቸው ሰቅለውት ራሳቸው ለምን ተሰቀለ ይሉኛል! እንዲህ ያለ ዓይን አውጣነት የት ይገኛል?

ሐይቁ ዳር ዓሣ የምገዛቸው ሽማግሌ ነበሩ። ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ፣ በዚያችው ታንኳ ያጠምዳሉ። አንድ እሑድ ዓሣውን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንች ልጅ፣ ትከሻሽን ምን ነካው?»

ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። ታንኳው ላይ አስቀምጠው መቅዘፊያውን ሰጡኝና ትንሽ ሳልቀዝፍ አስቆሙኝ።

«በአንገቱ የሚቀዝፍ ሰው ሐይቁን ተሻግሮ ጎርጎራን አያይም» አሉ። በደንገል ዘንግ ጀርባዬ ላይ ያሉትን ሁለቱን ጠፍጣፋ አጥንቶች ነካ ነካ አደረጓቸው። «እነዚህን ወደ ወገብሽ ጎትቻቸው። እጅ የሚነሣ ከዚህ ነው።»

ከዚያ በየትከሻዬ ላይ አንድ አንድ እርጥብ ደንገል አጋደሙልኝ። ደንገሉ ጆሮዬን በነካ ቁጥር «ወጣ!» ይሉኛል። ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። በመጨረሻ ተናደድኩና መቅዘፊያውን ውኃው ላይ ወረወርኩት።

«አልቻልሁም! በቃኝ!»

ጎንበስ ብለው አወጡት። «መቆጣቱንስ ተቆጭ፣ ልጄ። ከትከሻሽ ላይ አውርደሽ ተቆጭ።»

በየማታው ከሥራ ስመለስ ጀርባዬን ከግድግዳ አስደግፌ፣ ደንገሎቹን አጋድሜ እጄን አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። እናቴ እንዳበድኩ ነው የቆጠረችው። መኖሩን እንኳ የማላውቀው ሥጋ ጀርባዬ ላይ ያመኝ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት እጄ እስከ ላይ ሲወጣ ደንገሎቹ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ተቀምጬ አለቀስኩ።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ወጣሁ፣ ግለ ሂሴን አነበብኩ፣ እጄን አነሳሁ። ትከሻዬ ዝም አለ። ካድሬው ደስ ብሎት ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«አያችሁ፣ ጓዶች! አብዮቱ የጠመመን ትከሻ እንኳ ያቃናል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወንድሜን ሊወስዱት በሰደፍ የደበደቡት በር ታየኝ። የሽማግሌው ድካም፣ የእኔ ሦስት ሳምንት፣ ሁሉም የእሱ ሆነ! ዕድሜዬን ሙሉ አውቄ፣ ፈልጌ ትከሻዬን ለመስበቅ የተመኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምን ቸገረኝ ልለው፣ በሁለቱም ትከሻዬ፣ እስከ ጆሮዬ ድረስ።

እናቴ ትዝ አለችኝ። ሁለቱን አጥንቶች ወደ ወገቤ ጎትቼ፣ ጭብጨባው እስኪያልቅ ያዝኳቸው።