የእናቴ ስም የሌለበት የሰርግ ጥሪ

ልጅ እያለሁ የእጅ ጽሕፈቴ ያምር ነበር፤ ምነው ባላማረ! የታላቅ እህቴን የሰብለን የሰርግ ጥሪ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የቆቦ ሙቀት ወረቀቱን በላብ እንዳያበላሽብኝ ከእጄ ሥር ጨርቅ አነጥፍ ነበር። ለማሳተም አቅም ስላልነበረን ነጭ ወረቀት አጥፈን፣ ጠርዙን በመቀስ አሳምረን፣ ሁለት ቀለበት በቀይ ስክሪፕቶ ስለን፣ ስልሳ ጥሪ ቤታችን ውስጥ ሠራን።

ጭንቁ ቃሉን መምረጥ ነበር። ከጎረቤት የተሰበሰቡ የድሮ ጥሪዎችን ምንጣፍ ላይ ዘርግተን ከአንዱ «በታላቅ አክብሮት»ን፣ ከሌላው «የደስታችን ተካፋይ»ን እንለቅማለን። እማ ፊደል አልቆጠረችም። ከሽንኩርት ንግዷ ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቁጭ ትልና «ምን ታስጨንቁታላችሁ? ኑልን፣ ብሉልን፣ ጠጡልን በሉት በቃ!» ስትል እኔና ሰብለ በሳቅ ፍርስ እንላለን። እጇ ሁሌም ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ሁለታችንንም በዚያ እጅ ነው ያሳደገችን፤ አባታችን ዋጃ ሄዶ ሌላ ትዳር ሲይዝ እኔ ገና ዳዴ እል ነበር። ታዲያ ከእኛ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ «ስሜን ብቻ እንዳትረሱት።»

ቃሉ ተመርጦ ባለቀ በሳምንቱ አጎታችን፣ የእማ ታላቅ ወንድም፣ ከአባታችን መልእክት ይዞ መጣ። አባታችን ሰርጉ ላይ ተገኝቶ ሰብለን የሚመርቃት ጥሪው በእሱና በአሁኗ ሚስቱ ስም ከወጣ ብቻ ነው አለ። «አባቷ ያልመረቃት ሙሽራ ከቤት ትወጣለች? ሰው ምን ይለናል?» አለ አጎታችን፣ የገዛ እህቱን ስም እያስፋቀ። እማ ገበያ ነበረች። ሰብለ አለቀሰች፤ ግን አባቷንም ፈለገችው። ዓይኗን ጠራርጋ «ጻፊው በቃ፤ እማ እንደሆነ አታነበው» አለችኝ። ጻፍኩት። «አቶ ተስፋው እና ወይዘሮ ዘነበች ልጃችን ሰብለ...» ስልሳ ጊዜ!

እማ ከገበያ ስትገባ አንዱን አንስታ «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለችኝ። ጣቴን ዘነበች የሚለው ላይ አሳረፍኩና «ይቺውልሽ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ» አልኳት። በጣቷ ዳበሰችውና ሳቀች። ያ ሳቋ እስከ ዛሬ ይገድለኛል።

ጥሪውን ራሴ ካላደረስኩ አለች። ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ በየቤቱ ስትዞር አብሬያት ነበርኩ። በየደረስንበት ወረቀቱን ገልጣ «ይቺ እኔ ነኝ» እያለች ታሳያለች። ስንቱ አንብቦ ዝም እንዳላት እግዜር ይወቀው። ወደ ጎብዬ ከተማ ግን ብቻዋን ሄደች። እዚያ አንዲት የገበያ ወዳጇ ጥሪውን አንብባ፣ «እንዴ ጥሩዬ፣ ይሄ'ኮ ዘነበች ነው የሚለው! ልጆቹ ተሳስተው ይሆን?» አለቻት። ይህን ሴትየዋ ራሷ ከዓመታት በኋላ ነው የነገረችኝ። የዚያን ቀን እማ ቤት ገብታ እንደ ወትሮዋ እራታችንን ሠራች። በማግስቱ የቀሩትን ጥሪዎች ተቀብላኝ ማደሉን ቀጠለች። ይቺ እኔ ነኝ ማለቱን ብቻ ተወችው። እኔም ገባኝ፤ ግን ይቅር በይኝ ለማለት ወኔ አጣሁ።

ሰርጉ ደመቀ። አባታችን መጣ፣ መረቀ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ከሚስቱ ጋር ሄደ። እማ ጓዳ ወጥ ስታወጣ ዋለች።

ዛሬ የሰርግ ጥሪ በስልክ ነው የሚመጣው። ቃሉም ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ማን ይጨነቅበታል! ባለፈው ዓመት እኔ ሳገባ ግን የእማን ጥሪ በእጄ ጻፍኩት። ከሁሉም በላይ፣ በትልልቁ፣ «ወይዘሮ ጥሩወርቅ» ብዬ አሳመርኩት። ቆቦ ወስጄ ሰጠኋትና «እማ፣ ይኸውልሽ ስምሽ» ብዬ በጣቴ አሳየኋት።

«እሰይ፣ ተባረኪ ልጄ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ይዛ ተነሣችና፣ ግቢያችን ውስጥ ወደተከራየችው ነርስ በር ሄደች።

«እስቲ ልጄ» ስትላት ሰማሁ፣ «አንቺ አንብቢልኝ።»