የእሑዱ እንግዳ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ደባርቅ መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለው የየትናየት ሻይ ቤት ግንብ ሥር አንድ ሽማግሌ ይቀመጣሉ። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አረንጓዴ ካፖርታቸው የፓርክ ጠባቂዎች የሚለብሱት ዓይነት ነው፤ ቁልፎቹ ግን ከሌላ ልብስ የመጡ፣ በደህና እጅ የተተከሉ ናቸው። ቀደም ብለው መጥተው የሬዲዮናቸውን ባትሪዎች ድንጋይ ላይ ለፀሐይ ያሰጣሉ። በደንብ ከሞቁ፣ ደራሲ የሚጠየቅበትን የሬዲዮ ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ያሰሟቸዋል።

ጋዜጠኛዋ እንግዳዋን ስትጠይቅ ሽማግሌው ድምፁን ይቀንሱና ራሳቸው ይመልሳሉ። ደራሲው የሚለውን ብዙም አይሰሙት።

"አባባ፣ ዛሬም እንግዳው እርስዎ ነዎት?" ትላቸዋለች የትናየት።

"ዝም በይ እስቲ፣ ልትጠይቀኝ ነው።"

ባለፈው እሑድ ከከተማው አጠገብ ካለው ገደል የወጣ ጉም ከተማውን ሸፍኖ ዋለ። ሽማግሌው ባትሪዎቹን በብብታቸው ሸጉጠው ሊያሞቋቸው ሞከሩ። ጋዜጠኛዋ፣ "የጻፉትን መጀመሪያ የሚያነቡት ለማን ነው?" ብላ እንደ ጠየቀች ሬዲዮኑ ጸጥ አለ።

"ለባለቤቴ ነበር" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። "ፊደል አልቆጠረችም። ካዛጋች ግን ያን ገጽ እቀድደው ነበር።" ሬዲዮኑን ነቅነቅ አደረጉና፣ "ካረፈች ወዲህ የሚያዛጋልኝ የለም" አሉ።

የትናየት የጀመረችውን ሳቅ ተወችው።

እሳቸው የሞተውን ሬዲዮ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቁ።