ያነቡ ነበር

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ እናዘዝና ይህች አንዲት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ደርሳ ትመለሳለች። ለእናንተ የምናገረው ደፍሬ አይደለም፤ ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

ሥራዬ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራንን በንባብ ማስተማር ዘዴ ማሠልጠን ነው። መጀመሪያ ወረታ ላይ ሰብስበን እናሠለጥናቸዋለን። ከዚያ በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ ክፍል ውስጥ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ያየሁትን ለመምህሩ ለብቻው እነግረዋለሁ። በሥልጠናው ላይ ደጋግሜ የምለው ነገር አለ፦ ልጅ በቃሉ የያዘውን ቢወጣው አነበበ አይባልም፤ አይቶት የማያውቀውን ቃል ፊደሉን ከድምፁ አገናኝቶ ራሱ ሲያወጣው ነው አነበበ የሚባለው። ጥናቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ይህን ለሰው የማስተምረው እኔ ነኝ።

ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ክረምት ውሃ ሲተኛበት መንገዱ የሚቆረጥ አንድ ትምህርት ቤት አለ። የአንደኛ ክፍሉን መምህር አገሩ በሙሉ የኔታ ይላቸዋል። ቄስ ናቸው፤ የዚያን ቀበሌ ግማሽ አባወራ ፊደል ያስቆጠሩ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ክፍላቸው ስገባ ልጆቹ ጣታቸውን በመጽሐፉ መስመር ላይ እያስኬዱ እንደ ውሃ ያወርዱታል። ደስ አለኝ። ከዚያ አጠገቤ የተቀመጠችው ፈንታነሽ የምትባል ተማሪ ገጽ ገለጠች። መጽሐፏን ውሃ ነክቶት ኖሮ ሁለት ቅጠል ተጣብቆ አብሮ ተገለጠ፤ መካከል ያለው ገጽ ተሸፍኖ ቀረ። እሷ ግን የተሸፈነውን ገጽ አንዲት ቃል ሳትስት «አነበበችው»፤ ጣቷ ሌላ ገጽ ላይ እየሄደ። ቀና ብዬ ክፍሉን ቃኘሁ። የብዙዎቹ ዓይን ጣሪያው ላይ ነበር።

የኔታ በቃል አስጠንተዋቸው ነበር። ክፋት አልነበረበትም። ዜማውንም ቅዳሴውንም የያዙት በቃላቸው ነው፤ በተማሩበት መንገድ አስተማሩ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ከክፍሉ ጀርባ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን።

«እህስ ልጄ፣ አለፍሁ ወደቅሁ?» አሉኝ እየሳቁ።

«ኧረ የኔታ፣ እኔ እርስዎን ልፈትን?»

«አትፈሪ። ይኸ አዲሱ አሠራር ለሽማግሌ ይከብዳል። ያጠፋሁት ካለ ንገሪኝ።»

ንገሪኝ አሉኝ። በራቸውን ከፍተው ግቢ አሉኝ። እኔ ግን ትንሽ ቀደም ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ በዚያው አፌ ተሳስተዋል ማለት አቃተኝ። «በጣም ጥሩ ነው፣ የኔታ» አልኩ። ያን ጊዜ አክብሮት መሰለኝ። አክብሮት ነበር? ያከበርኳቸው ቢሆን ኖሮ የጠየቁኝን እመልስላቸው ነበር። ፈርቼ ነው።

ይህ ግን ትንሹ ጥፋቴ ነው።

በዓመቱ እነ ፈንታነሽ ሁለተኛ ክፍል ገቡ። መምህራቸው ሰብለ የምትባል፣ ከአንበሳሜ የመጣች አዲስ ተመራቂ ነበረች። ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ። አዲሱን መጽሐፍ ስታስይዛቸው የሚያነብ ጠፋ። ሰብለ እንዳስተማርኳት አደረገች፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ፊደልና ድምፅ ማገናኘት ጀመረች። ትክክል ነበረች። ወላጆች ግን ልጆቻችንን ወደ ኋላ መለሰቻቸው ብለው ተነሡ፤ ርእሰ መምህሩም ስብሰባ ጠራ።

እኔም ነበርኩ። የኔታ ከፊት ተቀምጠዋል። የፈንታነሽ እናት ተነሥታ፣

«ልጄ ዓምና መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ትወጣው ነበር። ዘንድሮ ድዳ ሆና ቀረች!» አለች።

«ጠጉር መሠራቱንማ መምህሯ ታውቅበታለች» አለ ከኋላ አንዱ። ሰው ሳቀ። ሰብለ እጇን ወደ ሹሩባዋ ሰደደችና መለሰችው።

«እኔ እንደማየው ልጆቹ ፊደል በደንብ አይለዩም...» ብላ ጀመረች።

«የኔታ አላስተማሩም ልትይ ነው?» አላት አንድ ሽማግሌ።

ያኔ ርእሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። «እህታችን፣ አንቺ ዓምና ክፍሉ ገብተሽ አይተሻል። ልጆቹ ያነቡ ነበር ወይስ አያነቡም?»

ሁሉም አየኝ። ሰብለም አየችኝ። የእሷን ዓይን አሁንም አየዋለሁ፤ ተስፋ አድርጋኝ ነበር። አንዲት «አያነቡም» የምትል ቃል ትበቃት ነበር። እኔም አውቃት ነበር፤ አፌ ውስጥ ነበረች። ከፊቴ ግን የኔታ በእርጋታ ይመለከቱኛል፤ ጥሩ ነው ያልኳቸውን አምነው።

«ያነቡ ነበር» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ያነቡ ነበር አልኩ፤ ሰብለም አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ያ ዓመት ሳያልቅ ማስተማሩን ትታ ሄደች።

የኔታ ዛሬም አንደኛ ክፍል ያስተምራሉ። እኔም ዛሬም እሄዳለሁ፤ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ሌሎች ልጆች ጣታቸውን እያስኬዱ ያወርዱታል። ልናገር ብዬ እሄድና ሰላምታ ተለዋውጬ እመለሳለሁ። አሁን ብናገር ያን ጊዜ ለምን ዋሸሽ እባላለሁ። ዝም ባልኩ ቁጥር ደግሞ ውሸቱ ይከብደኛል። በየትኛው በኩል ልውጣ?

በቅርቡ ይፋግ ገበያ ሰብለን አገኘኋት። ሳሙናና ጨው የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። ልሸሽ ስል ጠርታ አቀፈችኝ፤ በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችኝ።

«ማስተማሩ አልናፈቀሽም?» አልኳት። ምን ብዬ ነው እንዲህ ያልኩት?

«ተይው እባክሽ፣ እኔ አልተፈጠርኩለትም» አለች። «ታውቂያለሽ፣ ያን ቀን ልጆቹ እዚያው ስብሰባው ላይ ይፈተኑ ብዬ ልከራከር ነበር። ከመጀመሪያውም የማያነቡ መስሎኝ ነበር እኮ! አንቺ ስትመሰክሪ ነው የተውኩት። አንቺ አትዋሺም። ያበላሸኋቸው እኔ መሆኔን ያን ጊዜ አመንኩ።»

ይህን ስትለኝ ደንበኛ መጣና ልታስተናግድ ተነሣች። ስትመለስ እነግራታለሁ አልኩ። ተመለሰች። «ልሂድ፣ መኪና ያመልጠኛል» አልኳት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር የምትለኝ እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ የበደልኳት እኔ መሆኔን አታውቅም። ዓይን አፋር ነኝ፣ ልጅ ነበርኩ፣ ካህን ፊት ነበርኩ ብዬም አላመካኝም። ሰብለም ልጅ ነበረች፤ እሷም ካህን ፊት ነበረች፤ እሷ ግን እውነቱን ጀምራ ነበር።