ምርጫው ካለቀ በኋላ የቀረነው

ምርጫውን በተሸነፍን ሰሞን አንዲት ፒክአፕ መኪና ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከተከራየናት ጠባብ ቢሮ በር ላይ ቆመች። የማናውቃቸው ሁለት ሰዎች ወረዱና የፕላስቲክ ወንበሮቹን እየደራረቡ መጫን ጀመሩ። የዕጩአችንን ፎቶ ከግድግዳው ላይ ነቀሉ፤ ጠረጴዛውን ገልብጠው እግሩን ፈቱ፤ ቀጥለው ጥግ ላይ ወደተቀመጠው የድምፅ ማጉያ ሄዱ። አብራን ስትሠራ የከረመችው የዓሣ ነጋዴዋ ብድግ ብላ ማጉያውን ታቀፈችው።

«ይሄ የቅሬያችን ነው» አለች። «ለቀብር የገዛነው ነው። ለምርጫው ያዋስናችሁ እኛ ነን።»

ሰውየው ሁሉንም ጭነህ ና ተብሎ መታዘዙን ነገራት። እሷም ያዘዘህ ሰው ራሱ መጥቶ ከእጄ ይውሰደው አለችው። ያዘዘው ዕጩአችን ነበር፤ አልመጣም። ስልካችንን ማንሣት ካቆመ ሰንብቷል። መኪናዋ ወንበሮቹንና ጠረጴዛውን ይዛ ወደ ደሴ ስትነጉድ እኔ፣ የዓሣ ነጋዴዋና አንድ ቄስ ባዶ ቤት ውስጥ ቆመን ቀረን። መሸነፉ አልነበረም ያናደደኝ። እንደ ድንኳን ተተክለን እንደ ድንኳን መነቀላችን ነው።

እኔ ያኔም አሁንም የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ሳይንስ ነው የማስተምረው። ፖለቲካ ውስጥ የገባሁት በአጥር ምክንያት ነው። ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ በየመንገዱ ደፍሮ መናገር በጀመረበት ጊዜ፣ ለካ መሬትም በፍጥነት ይታደል ኖሮ፣ ከሐይቁ ዳር ያለው ሰፊ መስክ ሆቴል ይሠራበታል ተብሎ ለአንድ ባለሀብት ተሰጠ። ባለሀብቱ ሆቴሉን አልሠራም። አጥሩን ግን ወዲያው አጠረ። አጥሩ የተዘረጋው ከታንኳ መውረጃው ወደ ጤና ጣቢያው በሚያመጣው መንገድ ላይ ነበር። ከብት ውኃ የሚጠጣው በዚያ ነው፤ ዓሣ የሚወጣው በዚያ ነው፤ ከማዶ ያሉ መንደሮች ነፍሰ ጡር ሴት ምጥ ሲይዛት በታንኳ አሻግረው የሚያመጧት በዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ከታንኳ የወረደ ሁሉ ዳገቱን ዞሮ መምጣት ግድ ሆነበት።

አንድ ቀን፣ ቀደም ሲል ያስተማርኳት ልጅ፣ አግብታ ከማዶ የምትኖር፣ ምጥ ይዟት በታንኳ መጣች። የዓሣ ነጋዴዋ አብራት ነበረች። አጥሩ ጋ ደርሰው ዘበኛውን ለመኑት። ዘበኛውም ቁልፉ ደሴ ነው ያለው ብሎ ማለላቸው። በቃሬዛ ይዘዋት ዳገቱን ሲዞሩ እዚያው ድንጋዩ ላይ ወለደች። እሷ ተረፈች፤ ልጇ ግን አልተረፈም።

በእኛ አገር ለቀብር የሚሰበሰበውን ማኅበር ቅሬ እንለዋለን። እስላሙም ክርስቲያኑም የየራሱ ቢኖረውም፣ እኛ ሰፈር ሲቀበር አብሮ ነው የሚቆመው። ያንን ሕፃን የቀበርን ዕለት የዓሣ ነጋዴዋ ከሰው መሃል ወጥታ መናገር ጀመረች። ኃይለኛ ሴት ናት። ስታወራ ሰው አታስጨርስም፤ ከጎረቤቶቿ ከግማሹ ጋር ተኳርፋ ነው የምትኖረው። የዚያን ዕለት ግን ማንም አላቋረጣትም። ይህን ልጅ የቀበርነው ቆመን እያየን ነው አለች፤ አጥሩ እስኪነሣ ድረስ እሑድ እሑድ ከሰዓት እንሰብሰብ አለች። እንደዚያ ነው የጀመርነው። ስም አልነበረንም። ሰዉ «የእሑዶቹ» ይለን ነበር።

ዕጩው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትውልዱ አምባሰል፣ አዲስ አበባ የተማረ ጠበቃ ነው፤ አንደበቱ ደግሞ ማር ነው። ጉዳያችንን ሰማ፣ አጥሩን ሄዶ አየ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለምክር ቤት ልወዳደር ነው፣ አብራችሁኝ ሁኑ ሲለን ዕድል በራችንን ያንኳኳ መሰለን። አብረነው አምባሰልን ወጣን፣ ወረድን። ግሸን ሥር ባሉት መንደሮች ቄሱ ወዳጆች ስለነበሯቸው እነሱ ዘንድ አደርን፤ ቆላው ላይ ደግሞ አንድ ሼህ በግ አርደው ተቀበሉን፣ ዱዓ አደረጉልን። በየደረስንበት ሰው የየራሱን አጥር ይነግረን ነበር። አንዱ ጋ የደረቀ የቦኖ ውኃ ነው፣ ሌላው ጋ መምህር የሌለው ክፍል ነው። ዕጩው ሁሉንም በጥሞና አዳመጠ። ሐይቅ ላይ በመጨረሻው ስብሰባ ያንን የቅሬ ማጉያ ይዞ ሲናገር እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

«ብመረጥም ባልመረጥም» አለ፣ «ይሄ አጥር ሳይነሣ ከእናንተ አልለይም።»

ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

የምርጫው ዕለት ሽማግሌ ሳይቀር ተሰልፎ ዋለ። ተሸነፍን። ዕጩው አንድ ጊዜ ደውሎ አመሰገነን፤ ለሚቀጥለው ምርጫ እንደምንገናኝም ነገረን። ከዚያ ፒክአፗ መጣች።

ሰው የሚሸሽህ ስትሸነፍ መሆኑን ያየሁት በዚያ ክረምት ነው። ትናንት ከፊት የሚሰለፉት መንገድ ላይ ሲያዩን ይሻገሩ ጀመር። ከቀበሌ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ ምርጫ አልቋል መምህርት፣ አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ አለኝ። እኔ ከሥራዬ አልወጣሁም አልኩት። እሑድ ስንሰበሰብ ከጣት ቁጥር የማንበልጥ ሆንን። አንዳንዱ ለአምስት ዓመት እንቆይ፣ ከዚያ ሰውዬው ይመጣል አለ። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። ምጥ አምስት ዓመት ይጠብቃል? ቄሱ ግን እንደኔ አይቆጡም። ዝናቡንም ጭቃውንም ችለው ይመጡና ዛሬ ምን እንሠራለን ብለው ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ ትንንሽ ነገር መሥራት ጀመርን። ከማዶ ምጥ የያዛትን ሴት የሚጠብቁ ወጣቶች በተራ መደብን። ዳገቱ ላይ ሸርተቴውን በድንጋይ ደለደልን። ወረዳ እየሄድን በር ላይ መቆማችንን ቀጠልን፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉናል፣ ነገ እንመለሳለን።

መኸሩ ሳይሰበሰብ ጦርነቱ ደረሰብን።

ከሰሜን በኩል መድፍ ሲሰማ የመንግሥት መኪኖች ቀድመው ወጡ። አትንቀሳቀሱ፣ ከተማችሁን ጠብቁ ብለው በስብሰባ የነገሩን ሰዎች ፍራሻቸውን ጭነው ሲያልፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለሀብቱም ዘበኞቹም የሉም። አቅም ያለው ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ኮምቦልቻ ሸሸ። እናቴ መራመድ አትችልም ነበርና እኔ ቀረሁ። የዓሣ ነጋዴዋም፣ የት እሄዳለሁ፣ ሐይቁን ተሸክሜ አልሄድ ብላ ቀረች።

ከሰሜን የመጡት ተዋጊዎች ከገቡ በኋላ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ የቧንቧ ውኃ ቆመ። ጤና ጣቢያው ተዘረፈ፤ የማዋለጃ አልጋው እንኳ አልቀረም። ያኔ የሚያዝ አለቃ አልነበረንም። የቀሩት እሑዶቹና ቅሬው ነበሩ። መጀመሪያ ያደረግነው አጥሩን መንቀል ነው። ከተማው የሚጠጣው የሐይቁን ውኃ ብቻ ስለነበር ማንም ማንንም አላስፈቀደም፤ ሴቶች ጄሪካናቸውን አስቀምጠው ሽቦውን በእጃቸው ፈቱት። በዚያ ማጉያ፣ ባትሪው እስኪያልቅ፣ ውኃ የሚቀዳበትን ሰዓትና ወፍጮ የሚፈጭበትን ቦታ ተናገርን። የቀሩት ጥቂት ዓሣ አስጋሪዎች ያጠመዱትን ቆሮሶ ዓሣ ለአቅመ ደካሞች አካፈሉ። አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ ቤቷን ለወላዶች ለቀቀች። የሞተውን ቄሱና የሰፈራችን ሼህ እየተጠራሩ አብረው ቀበሩ። ፈርተን ነበር፤ በጣም ፈርተን ነበር። ቤቴ ገብተው ያለኝን እህል ወስደዋል። ግን በዚያ ፍርሃት መሃል አንዳችን ሌላውን የት እንደምናገኘው እናውቅ ነበር። ያንን ያወቅነው ደግሞ ጭቃ ረግጠን የተሰበሰብንባቸው እሑዶች ስላሉ ነው።

ተዋጊዎቹ ሲወጡ ባለሥልጣናቱ ተመለሱ። አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ፤ ለሩቅ እንግዶች ምስጋና ቀረበ፣ የምስክር ወረቀት ተሰጠ። የእኛ ነገር የተነሣው በመጨረሻ ነው። መድረኩ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ወደ ዓሣ ነጋዴዋ ዞሮ፣ «በማን ፈቃድ ነው ሕዝብ ስታስተዳድሩ የነበረው?» አላት።

እኔ ተነሥቼ እሱ ራሱ በዚያን ጊዜ የት እንደነበረ ጠየቅሁት። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ መከረኝ፤ ደግ ሰው ነው፣ ስለፈራልኝ ነው።

ብዙ ሳይቆይ አጥሩ እንደገና ታጠረ፤ ያውም በግንብ መሠረት። የጤና ጣቢያው ጣራ ገና አልተጠገነም፤ አጥር ግን ሲሚንቶ ተገኘለት። ዛሬም ሳስበው ደረቴ ይቃጠላል። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የዓሣ ነጋዴዋ ቅርጫቷን ይዛ በመሠረቱ ጉድጓድ ውስጥ ወርዳ ተቀመጠች። ዓሣዬን የምሸጠው እዚህ ነው አለች። ፖሊስ መጥቶ ወሰዳት፤ ሥራ ማስተጓጎል ነው አሉ።

ያን ጊዜ ነው የማልጠብቀው የሆነው። መንገድ የሚሻገሩብን ሰዎች፣ ከእሷ ጋር ተኳርፈው የኖሩት ጎረቤቶቿ ሳይቀሩ፣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ መጥተው ተቀመጡ። የሁለቱም ቅሬ ሴቶች ነጠላና ሻርፓቸውን አንጥፈው አንድ ላይ ነበሩ። አልጮኹም፣ መፈክርም አላነሡም። ያቺ ልጇን ድንጋይ ላይ የወለደችው የቀድሞ ተማሪዬም ከማዶ መጥታ ነበር። አዛዡ ወጥቶ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ሲል አንዲት ሽማግሌ፣ እሷ ስትወጣ አብረን እንሄዳለን፣ አብሽር ልጄ አሉት። እየተፈራረቅን ስንቀመጥ ሰነበትን። በመጨረሻ ከዞን ሰዎች መጡና የዓሣ ነጋዴዋ ተለቀቀች፤ ግንቡ መሃል ላይ ቃሬዛና የተጫነ አህያ የሚያሳልፍ መተላለፊያ እንዲተው ታዘዘ። መስኩ ዛሬም የባለሀብቱ ነው። መንገዱ ግን የእኛ ሆነ።

በቅርቡ፣ ሌላ ምርጫ ይመጣል መባል ሲጀምር፣ ዕጩው መጣ። ትንሽ ወፍሯል። እሑድ ከሰዓት ስብሰባችን ላይ ደርሶ ሁላችንንም አቀፈ። ስለ መተላለፊያው መስማቱን፣ በእኛ መኩራቱን ተናገረ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። ይህን ኃይል ለምርጫው ማዋል እንዳለብን፣ ቢሮ እንደሚከፈት፣ ወንበርም እንደሚመጣ ነገረን። ወንበር ሲል ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ አሉ። እኔ ብናገር እሰድበው ነበር።

የዓሣ ነጋዴዋ ነች የመለሰችለት፤ ከወትሮዋ በተለየ በቀስታ።

«የኔ ወንድም፣ ቂም የለንም፤ አፉ ብለንሃል» አለችው። «ግን እኛ የምርጫ ሰዎች አይደለንም። ጤና ጣቢያው አዋላጅ የለውም። በየእሑዱ እየመጣህ ይህን አብረኸን ሥራ። ከዚያ ልወዳደር ካልክ እኛው ራሳችን እንለምንሃለን።»

እሱም አዲስ አበባ ሥራ እንዳለበት፣ በየሳምንቱ መምጣት ከባድ መሆኑን አስረዳ። ቄሱ እንግዲያው በወር አንዴ ይሁን አሉት። እሺ አለ። አንድ ጊዜ መጣ፤ ስለ አዋላጇ ጉዳይ ደሴ ሄዶም ጠየቀልን፤ ባዶ እጁን ቢመለስም መመለሱ ራሱ ደስ አሰኘኝ፣ ልክደው አልችልም። በሚቀጥለው ወር ቀረ። መንገዱ በተኩስ ተዘግቶ ስለነበር በእሱ አልፈረድኩም። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ግን አልመጣም፤ ያኔ ፈረድኩበት።

አሁን የምንከራከረው ከመካከላችን ለምርጫው አንድ ሰው እናቁም አናቁም በሚለው ነው። ቄሱ አይሆንም ይላሉ፤ ምርጫ ሲመጣ ሰው ይከፋፈላል፣ ሲያልፍ ሰው ይበተናል፣ አይተነዋል ይላሉ። እኔ ደግሞ የምክር ቤቱን ወንበር ለእነዚያ ሰዎች ለምን እንለቅላቸዋለን እላለሁ፤ በተሸነፍን ማግስት እሑድ እንደምንሰበሰብ ካወቅን ምን ያስፈራናል? የዓሣ ነጋዴዋ አንድ ቀን ከእሳቸው፣ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ናት። ባለፈው እሑድ ተጯጩኸን ሳንስማማ ተለያየን። የተስማማነው በአዋላጇ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እኔና ቄሱ ማክሰኞ ወደ ደሴ እንሄዳለን፣ ታክሲ ከተገኘ።